መርፌ የጠፋችበት ሰሞን

ሚያዝያ 5፣ ቅዳሜ

ጥሩ ጠዋት ነበር። ጭጋጉ ቶሎ ተነሣ፣ መንገዱም አልጨቀየም። የደኑ በር ላይ የቅዳሜ የወፍ ጉብኝት ቡድናችን ሁሉም በሰዓቱ ተገኝቷል፤ መሰላል እንኳ። ይህን ሰውዬ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ቁመቱን አይተን መሰላል አልነው፣ እሱም ተቀበለው።

ለሁለቱ አዲስ ጎብኚዎች የጣቱን ሕግ አስረዳሁ። ደን ውስጥ ከገባን ቃል የሚባል የለም። ወፍ የሰማ ጣቱን ያነሣል፣ ሌላው ባለበት ይቆማል፣ እኔ ስሟን በሹክሹክታ እናገራለሁ፣ ከዚያ በኋላ ዓይን ይፈልጋታል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቀድሞ የሚነሣውም የእኔ ጣት ነው፤ ዛሬም እንደዚያው ሆነ። ጅረቱ ጋ መርፌን ሁለቴ አገኘናት። መርፌ አውራ ጣት የምታክል አረንጓዴ ወፍ ናት፤ ድምፅዋ በጣም ቀጭን ስለሆነ ነው እንዲህ ያልናት። መጽሐፍ ላይ ሌላ ስም አላት። እሷን ብሎ ከሩቅ የሚመጣ ሰው አለ።

ባለቤቴ በስተርጅና አመል አውጥታለች። ከጎኔ አትርቅም፣ በየቦታው የጃኬቴን እጅጌ ትጎትታለች። ጅረቱ ጋ ልክ ጣቴን ላነሣ ስል ጎተተችኝ። ትልቁ ዛፍ ሥርም ልክ ላነሣ ስል ጎተተችኝ። ስንመለስ «ምን ሆነሻል?» ብላት «እንዳልወድቅ ነው» አለች። ጉልበቷ ከእኔ ይሻላል።

ሚያዝያ 8፣ ማክሰኞ

ባለታክሲው ጋራዥ ተመልሶ መጣ። «ጋሼ፣ አሁንም ሲጥ ሲጥ ይላል» ይለኛል። ኮፈኑን ከፍቼ አስነሣሁት፣ ጎንበስ ብዬ አዳመጥኩ። ምንም የለም። «ይህ መኪና ከእኔም ከአንተም ይሻላል፤ ሂድ ሥራህን ሥራ» አልኩት። ልጄ አንድ ቃል ሳይተነፍስ የፋኑን ቀበቶ ቀየረለት። ሰውዬው ምስጋናውን አዥጎድጉዶ ሄደ። ለደንበኛ ደስታ ሲባል ደኅና ቀበቶ ይጣላል? ጋራዡን አሁን የያዘው ልጄ ነው፤ እኔ የምመጣው ጠዋት ጠዋት እጄን ላፍታታ ነው።

ድሮ «ሞተር በጆሮው ያነባል» ይሉኝ ነበር። አሁንም ፒስተን ሲንኳኳ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አውቃለሁ።

ሚያዝያ 12፣ ቅዳሜ

ዋኔ። ርግብ። ግንደ ቆርቁር። ቁራ እንደ ጉድ። መርፌ አንድ ጊዜ። እጅጌዬ ተጎትቶ ሊያልቅ ነው።

ሚያዝያ 15፣ ማክሰኞ

የባለቤቴ እህት ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። ኦፕራሲዮን ትሆናለች፤ አስታማሚ ያስፈልጋታል። ባለቤቴን መናኸሪያ አደረስኳት። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል መስኮቱን ከፍታ የሆነ ነገር አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ደገመችው፣ እንደገና ነቀነቅኩ። መናኸሪያ ውስጥ ማን ማንን ይሰማል? ዋና ነገር ከሆነ ደውላ ትነግረኛለች።

ቤቱ ጭር ብሏል።

ሚያዝያ 17፣ ሐሙስ

ማንቆርቆሪያው ማፏጨት ተወ። ሻይ ጥጄ ጓሮ ደርሼ ስመለስ ውሃው አልቆ፣ ቂጡ ከሰል መስሎ ጠበቀኝ። ፉጨቱን የሚያወጣውን ክዳን ፈትቼ፣ አጥቤ፣ በሽቦ ጠርጌ መለስኩት። ጉድለት አላገኘሁበትም። ዘንድሮ ዕቃ ሁሉ የሚሠራው እንዲሸጥ ብቻ ነው።

ስልኩም አይጠራም። ልጄ ደጋግሜ ደወልኩ ብሎ ተቆጣኝ። ስልኩን አሳየሁት። «አባዬ፣ ይሠራል እኮ» አለ። እሱ ፊት ሲሆን ይሠራል።

ሚያዝያ 19፣ ቅዳሜ

መርፌ የለችም።

መርፌ ብቻ አይደለችም፤ ትንንሾቹ በሙሉ የሉም። ከፊት እየመራሁ ከበሩ እስከ ጅረቱ፣ ከጅረቱ እስከ መመልከቻ ማማው ድረስ ሄድኩ፤ ጣቴን ያነሣሁት ለዋኔና ለግንደ ቆርቁር ብቻ ነው። ባለቤቴ ስትሄድ ወፎቹም ጓዛቸውን ጠቅልለው የተከተሏት ይመስላል። ማታ በስልክ ይህን ብነግራት አልሳቀችም።

ከደኑ ስንወጣ «ዛሬ ትንንሾቹ አልነበሩም» ብዬ አስታወቅኩ። ከቡድናችን አንዷ፣ ነርሷ፣ «እኔ ግን ጋሼ፣ ጅረቱ ጋ የሰማሁ መስሎኝ…» አለች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ከአዳር ሥራ ወጥታ እንኳ ቅዳሜን አትቀርም። «የሰማሽው ጅረቱን ነው ልጄ» አልኳት። አንገቷን ደፋች። ጀማሪ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ውሃ ይዘፍንለታል።

ሚያዝያ 26፣ ቅዳሜ

ዛሬም ዝም።

ከታች ግን የባለ ጎመኗ ፓምፕ ድም ድም ድም ይላል። ከደኑ ዳር ጎመንና ካሮት የምትተክል ሴት አለች፤ ከጅረቱ ውሃ የምትስበው ከደኑ መሥሪያ ቤት በተሰጣት ፈቃድ ነው። ከማማው ላይ ሆኜ በባይኖኩላር አየኋት። ጀርባዋ ላይ የመርጫ ታንክ አዝላ በጎመኑ መሐል ትሄዳለች።

አሁን ገባኝ። መርዝ ነው። ትላልቆቹን ወፎች አይነካም፣ ትል የሚበሉትን ትንንሾቹን ይፈጃል። ዋኔ ያለችው፣ መርፌ የሌለችው ለዚህ ነው። ነገሩ ልክ እንደ ሞተር ነው፤ ምልክቱን ከያዝክ ብልሽቱ የት እንዳለ ይነግርሃል።

ሚያዝያ 28፣ ሰኞ

የደኑ ኃላፊ ቢሮ ሄድኩ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለኝ። ነገርኩት። «ጋሼ፣ እርስዎ ጠፋች ካሉ ጠፍታለች ማለት ነው» አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮን የሚዞረውን ጥበቃ አስጠርቶ ጠየቀው። ጥበቃው ማጅራቱን አከከ፤ «እንግዲህ ጋሼ ካሉ…» አለ።

ፓምፑ ከነገ ጀምሮ ይታሸጋል። ግንቦት 17 ኃላፊው ራሱ ከእኛ ጋር ደኑን ይዞራል። መርፌ ካልተገኘች የሴትየዋ ፈቃድ ይሰረዛል።

አንድ ጥሩ ሥራ ሠራሁ ብዬ ወጣሁ። በእግሬ ነው የተመለስኩት።

ግንቦት 1፣ ሐሙስ

ባለ ጎመኗ ቤቴ ድረስ መጣች። «ደወሉን ደጋግሜ ተጭኜ፣ ተጭኜ ነው» ትላለች፤ እኔ የሰማሁት በሩን በድንጋይ ስትደበድበው ነው። (ደወሉም ተበላሽቷል። ይህ ቤት ባለቤቴ ከሄደች ወዲህ መፍረስ ጀምሯል።)

ቆማ ነው የተናገረችው። ግቢ ብላት አልገባችም።

«ጋሼ፣ እኔ ጅረቱ አጠገብ መድኃኒት ረጭቼ አላውቅም። የምነሰንሰው አመድ ነው።»

«ጀርባሽ ላይ ያየሁት ታንክስ?»

«የሳሙና ውሃ ነው፣ ለተባዩ። መጥተው ያሽትቱት።»

«ወፎቹ ጠፍተዋል እኮ።»

«ወፎቹማ ያው ናቸው! ጎህ ሲቀድ የሚቀሰቅሱኝ እነሱ አይደሉ?» በእጇ ወደ ማሳዋ ጠቆመች። «ዝናቡ ገና ነው፣ ጋሼ። ጎመኔ ውሃ ካጣ እስከዚያ አይቆይም። ልጆቼን የማስተምረው በእሱ ነው።»

«ለኃላፊው ንገሪው» አልኳት።

«ኃላፊው እርስዎን ነው የሚሰማው።»

ሄደች። ማን ሌባ ነኝ ይላል? እንዲህ ብዬ በሩን ዘጋሁ። ጥፋተኛ ሰው ዓይን ይሸሻል ይባላል። እሷ አልሸሸችም።

ግንቦት 3፣ ቅዳሜ

ፓምፑ ታሽጓል። ትንንሾቹ ግን አልተመለሱም። መርዝ ቶሎ አይለቅም።

ከኋላዬ መሰላልና ጥበቃው ሕጉን ጥሰው ሲያወሩ ሰማኋቸው፤ ሁለቱም ድምፃቸው ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ነው የሚመስለው። «ማን ይንገራቸው?» ይላል አንዱ። «ባለቤታቸው ይምጡ እስቲ» ይላል ሌላው። ዞር ስል ዝም አሉ። ግብዣ እያሰቡልኝ ይመስለኛል። ቡድኑን መምራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ። እንዳላወቀ ልሁን።

ግንቦት 8፣ ሐሙስ፣ ማታ

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

ዛሬ ከጋራዥ ስመለስ በባለ ጎመኗ ማሳ በኩል ዞርኩ። መንገዱ አይደለም፤ ለምን እንደዞርኩ አላውቅም። የጎመኑ ቅጠል እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። እሷ ከመንገዱ ዳር ቧንቧ በሁለት ጀሪካን ውሃ ተሸክማ ትመላለሳለች። አየችኝ። ሰላም አለችኝ! ሰላምታውን ባትሰጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ተሳስቼ ቢሆንስ? ልሳሳት አልችልም። ፓምፑ ከታሸገ ወዲህ አንድ እንኳ ሊመለስ ይገባ ነበር። ቢያንስ አንድ። መርዙ ከሌላ ቦታ ቢሆንስ? ደግሞ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉኝ ይሆናል። ግን እኔ የማወራው የሰማሁትን ነው፤ ያልሰማሁትን ማለቴ ነው።

ነርሷ ባለፈው ቅዳሜ በር ላይ ለብቻዬ ጠብቃኝ «ጋሼ፣ ጆሮዎን ታይተው ያውቃሉ?» አለችኝ። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! «ጥርሴንም ታይቼ አላውቅም፤ ይኸው ሥጋ እግጣለሁ» አልኳት። ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ሐኪም ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉም በሽተኛ ይመስለዋል።

የሚገርመው ዓይኔን ስጨፍን መርፌ ጥርት ብላ ትሰማኛለች። ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ መጨረሻዋ ላይ ትንሽ ወደ ላይ ሳብ። እኔና ባለቤቴ መጀመሪያ ደኑን ስንጎበኝ አዲስ ተጋቢዎች ነበርን፤ ወፍ ከወፍ አንለይም። ጅረቱ ጋ ተቀምጠን ዳቦ ስንበላ ይህን ድምፅ ሰማሁና ዳቦውን ከእጇ ቀማኋት፤ ማኘኳ እንዳይረብሸኝ። እስከ ዛሬ ታሾፍብኛለች። ወፏን ያየቻት እሷ ናት፣ የሰማኋት እኔ ነኝ። ከዚያ ጀምሮ ሥራችንን እንዲሁ ተከፋፈልን፤ ዓይን የእሷ፣ ጆሮ የእኔ።

ናፍቃኛለች። ሁለቱም ናፍቀውኛል።

ግንቦት 10፣ ቅዳሜ

ዝም። ዝም። ዝም።

ግንቦት 13፣ ማክሰኞ

መጣች! እህቷ በዱላ መራመድ ጀምራለች። ባለቤቴ ከስታለች፣ ፀጉሯን አሳጥራለች፣ ያምርባታል። ሻይ ጣድኩላት። ወሬ ይዘን ሳለን ድንገት ብድግ ብላ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች።

«ምነው?» አልኩ።

«ማንቆርቆሪያው ነዋ!»

«አፏጨ እንዴ? እኔ እኮ ነኝ የሠራሁት» አልኳት በኩራት።

ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች። ማንቆርቆሪያውን አየች፣ እኔን አየች።

ከዚያ የባለ ጎመኗን ነገር ነገርኳት። በስልክ አልነገርኳትም ነበር፤ በስልክ አፏን ሞልታ አትናገርም፣ ያጉተመትማል ድምፅዋ። አዳምጣኝ ስታበቃ ስኒዋን አስቀመጠች።

«ለኃላፊው ነገርከው?»

«ነገርኩት።»

«ፓምፑን አሸጉባት?»

«ታዲያ ወፎቹ…»

«የኔ ጥፋት ነው» አለች።

እሷ ምን አጠፋች? እህቷን ስታስታምም ከርማ! ብጠይቃት «ደክሞኛል» ብላ ተኛች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

ግንቦት 17፣ ቅዳሜ

ዛሬውኑ ልጻፈው።

ኃላፊው መጣ። ነርሷ፣ መሰላል፣ ጥበቃው፣ ባለቤቴ። ባለ ጎመኗም ንጹሕ ቀሚስ ለብሳ መጣች፤ የራሷ ጉዳይ ስለሆነ ኃላፊው ፈቅዶላታል። እኔ ከፊት ሆንኩ። ባለቤቴ ወደ ጎኔ አልመጣችም፤ ከሁሉም ኋላ ሆነች። በመንገዱ ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ እጅጌዬን አልጎተተችም። አኩርፋለች አልኩ በልቤ።

ጅረቱ ጋ ስንደርስ ቆምኩ። አዳመጥኩ። እንደ ዛሬ አዳምጬ አላውቅም፤ ትንፋሼን እንኳ ያዝኩ። ውሃው ይወርዳል። ከሩቅ ዋኔ አለች። ሌላ የለም። ከባለ ጎመኗ ዓይን እየሸሸሁ «ይኸው» ልለው ወደ ኃላፊው ዞርኩ።

ሁሉም ጣታቸውን አንሥተዋል።

ነርሷ አንሥታለች። የመሰላል ጣት ከቅርንጫፉ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ጥበቃው ዱላውን በብብቱ ይዞ አንሥቷል። ኃላፊው አንሥቷል። ባለ ጎመኗ ጥፍሯ ውስጥ አፈር ያለበትን ጣቷን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እንደ ተማሪ አንሥታለች። ባለቤቴ ከኋላቸው አንሥታ ታየኛለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። አንድም ሰው ቃል አልተናገረም። ሕግ ነው፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ነርሷ በዓይኗ ወደ ቁጥቋጦው አመለከተችኝ። ባይኖኩላሬን አነሣሁ። መርፌ ቀጭን እንጨት ላይ ተቀምጣለች፣ ከእኛ በጣም ቅርብ። አፏ ተከፍቷል። ጉሮሮዋ ይርገበገባል። ጭራዋ ሳይቀር እስኪንቀጠቀጥ ድረስ በሙሉ አካሏ ትዘምራለች። ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም፤ በጉሮሮዋ ቆጠርኩት። ለእኔ የሚሰማኝ ውሃው ነው።

ባይኖኩላሬን አወረድኩ። ከዚያ ደን ውስጥ፣ ጮክ ብዬ፣ «አልሰማኋትም» አልኩ። መርፌ በረረች።

«ወፏ አለች» አልኩት ኃላፊውን። «የጠፋው የኔ ጆሮ ነው። ይህች ሴት ምንም አላጠፋችም። ፓምፑን ክፈቱላት፤ ዛሬውኑ።»

ኃላፊው መሬት መሬት አየ። እሱም አፍሯል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ራሱ ሳይመጣ ነው ያሸገው። ወደ ባለ ጎመኗ ዞሬ «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ቆጣ ብላ ነው የመለሰችልኝ።

«ይቅርታውን ለኔ ሳይሆን ለጎመኔ ይንገሩት። በጀሪካን የተሸከምኩት ወገቤ ይናገራል።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ዝግ ብላ፣ «ደግሞ ጋሼ፣ ሲናገሩ በጣም ይጮኻሉ» አለች። መሰላል ሳቁ አመለጠው። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ሌላ ምን ላድርግ?

ቤት ስንገባ ባለቤቴ ከጎኔ ተቀመጠች። በደንብ እንድሰማት ፊት ለፊት እያየችኝ ነው የተናገረችው።

«መናኸሪያ ምን እንዳልኩህ ታውቃለህ? ነርሷን ከጎንህ አድርጋት ነበር ያልኩህ።»

«እጅጌዬን የምትጎትቺው…»

«ታዲያ ምን መሰለህ!»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሃለሁ። አምና ነግሬሃለሁ፣ ካቻምና ነግሬሃለሁ። ስትቆጣ ጊዜ ተውኩት። ጣትህን አንሥተህ ደስ ሲልህ ሳይህ ደግሞ… እኔም ጥፋት አለብኝ። ባልጎትትህ ኖሮ ቀድመህ ታውቀው ነበር፣ ያቺም ሴት አትጎዳም ነበር።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ስሰማ ስለ ሐሜት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አለቀስኩ። አላፍርበትም። ቀበቶው፣ ደወሉ፣ ስልኩ፣ ማንቆርቆሪያው፤ ሁሉም ደኅና ነበሩ። በጋራዥ ጩኸት ውስጥ እድሜዬን ስጨርስ ጩኸቱ ጆሮዬን እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ወስዶታል። መርፌን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት መቼ እንደሆነ ማስታወስ እፈልጋለሁ፤ አልቻልኩም። የመጨረሻው መሆኑን ማን ነገረኝ?

ግንቦት 20፣ ማክሰኞ

የባለ ጎመኗን ፓምፕ ፈታሁ። ቆሞ ስለከረመ አልነሣ ብሏት ነበር። ሲነሣ ከታች ሲንኳኳ ሰማሁት፤ ኩሽኔታው አልቋል። ይህን ጆሮዬ አሁንም ያውቃል። ቀየርኩላት። ከጎመኑ ግማሹ ደርቋል፣ ግማሹ ይተርፋል አለች። ግማሹ በእኔ ነው የደረቀው፤ በፓምፕ ጥገና አይመለስም። ዝናቡ መሬቱን እስኪያለሰልስ ጠዋት ጠዋት መጥቼ አብሬያት ልቆፍር ብላት ከእግር እስከ ራስ አየችኝና «ዶማ ይችላሉ?» አለች። እችላለሁ አልኩ። ነገ እንተያያለን።

ግንቦት 26፣ ሰኞ

የጆሮ ሐኪም። ነርሷ ናት ያስያዘችልኝ። ወፍራሙን ይሰማሉ፣ ቀጭኑ ሄዷል አለኝ ሐኪሙ። መሣሪያ ለሰው ንግግር ይረዳዎታል። «ለወፍስ?» አልኩት። «ለትንንሾቹ ቃል አልገባልዎትም» አለ። ቅን ሰው ነው።

ሰኔ 1፣ ቅዳሜ

አሁን የምትመራው ነርሷ ናት። እኔ ከመሐል ነኝ፣ ባለቤቴ ከጎኔ፣ እጅጌዬ በእጇ። አሁን በግልጽ ነው የምትጎትተው፤ ለየወፉ አጎታተት ሁሉ አበጅታለች። ጅረቱ ጋ ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም ሳበችኝ። «መርፌ» አልኩ በሹክሹክታ። ነርሷ ዞራ ራሷን ነቀነቀችልኝ። በጭንቅላቴ ውስጥ ሙሉውን ሰማሁት፤ መጨረሻዋ ላይ ያለችውን ሳብ ጭምር።

ማማው ሥር ስንደርስ ዋኔ ጮኸች። ደንቆሮ እንኳ የሚሰማው ድምፅ ነው። ጣት ግን አልተነሣም። ነርሷ ሰማይ ሰማይ ታያለች። መሰላል የታሰረ ጫማውን እንደገና ያስራል። ጥበቃው ዱላውን ይመረምራል። ባለቤቴ እጅጌዬን ለቀቀችው።

አወቅሁባቸው።

ቢሆንም ጣቴን አነሣሁ።